መሰብ

ስቀጠር የተባልኩት፦ ወለል ትጠርጊያለሽ፣
የቤተ ሙከራውን መስታወት ታጥቢያለሽ።
ኡም አል ቁወይን ላይ፣ ከኾሩ ዳርቻ፣
ጨው ጨው የሚሸት አንድ ነጭ ቤት ብቻ፤
ማንግሮቭ ከጀርባው፣ ከፊቱ ፍላሚንጎ
በአንድ እግሩ የቆመ፣ ሌላውን ሸሽጎ።
ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ውሃው ሲቀዳ
ባልዲ ያዥ እኔ ነኝ፣ ጀልባው ላይ እንግዳ።

አለቃዬ ኢኽላስ፣ ዶክተሯ፣ የካርቱም ልጅ፣
ነጭና ጥቁር ዓባይ ሲጋጠሙ ያየች ከደጅ፤
አንድ ማታ ሰሌዳው ላይ ቃል ጽፋ ሄደች፤
ልጠርገው ጨርቅ ይዤ፣ እጄ ተንጠልጥላ ቀረች።
በልጅነቴ፣ ቁርኣን ስቀራ የቆጠርኩት ፊደል ነው፤
ድምፁን ለራሴ አልኩት፣ ደግሜም አልኩት ቀስ ብዬ ነው፦

መሰብ።

"መሶብ" ማለቷ ነው? በዚህ ምድረ በዳ
ማን ያውቀዋል እሱን፣ ማን አቀረበው ለእንግዳ?
ወይስ "ማሰብ" ይሆን? እሱማ የኔ ሥራ፣
የሰባት ዓመት የሌሊት ፈረቃ፣ ደሞዙ የማይጠራ።

በማግስቱ ጠየቅኳት። ሳቀች። ወንበር ሳበች፤
ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አቀራርባ ዘረጋች።
"ይኼ ጣፋጩ ነው፣ ከተራራ ወርዶ፤
ይኼ ጨዋማው ነው፣ ባሕር ሲሞላ ሽቅብ ነጉዶ፤
ተገናኝተው፣ ማን ማን እንደሆነ
የማይለይበት ቦታ፣ መሰብ እሱ ሆነ።"
መሶብ ነዋ! አልኩ በልቤ። ሁለት ባላጋራ
አንድ ገበታ ቀርቦ የሚጎርስ በተራ።

"የዚህኛውስ ወንዝ" አልኳት፣ "ስሙ ማነው?"
በመስኮቱ አሻግራ አየች። "ወንዝ የለውም። አፍ ብቻ ነው ያለው።
ዝናብ የለ፤ ፀሐይ ጣፋጩን ትጠጣለች፣
ጨዉን ብቻ ለኛ ከታች ትተዋለች።
ከውጭው ባሕር ይልቅ ውስጡ የሚመርር፣
መሰብ መቅሉብ ይባላል እንዲህ ያለው ኾር።
ኾሩን ብቻ አይምሰልሽ፤ ባሕረ ሰላጤው በሞላ
ወንዝ ካመጣለት በላይ ፀሐይ ነች የምትበላ።"

መቅሉብ። የተገለበጠ። በኔ ቋንቋ ሳስበው
የተደፋ መሶብ ነው፤
እናቴ ብትሰማ፣ ሟርት ነው የምትለው።

"ታዲያ ይኼ ቃል ምን ያደርጋል?"
ፈገግታዋ ጠፋ። "ያጠፋል፣ ወይም ያድናል።
'መሰብ' ብለን ብቻ ብንጽፍ፣ ያ የውሃ ማጣሪያ ፋብሪካ
ጨዉን እዚህ ይደፋል፣ 'ወንዙ ይጠርገዋል' እያለ፣ በወረቀት እየተመካ።
አንዲት ቃል ስትጎድል ዓሣው ነው የሚከፍላት።"
ገባኝ። ጠራጊ የሌላትን ቤት ከኔ በላይ ማን ያውቃት!

ከውሃ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር አለ፦ የወንዙ ስም።
በየሳምንቱ ባዶውን ታልፈዋለች፤ የምትሞላው ነገር የለም።

እኔ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፣ ቦርከና ዳር፤
ክረምት ግንድ ሲያላጋ፣ በጋ ጠጠሩ ሲቆጠር።
ቦርከና አዋሽን ያገኛል፤ አዋሽም በአፋር ምድር
አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አያይም ባሕር።
ማደሪያ የለው የሚሉት ዓባይ እንኳ መድረሻ አለው፤
የኔ ወንዝ ነው አፍ የሌለው።
አፍ የሌለው ወንዝ እዚያ፣
ወንዝ የሌለው አፍ እዚህ፣
በመሃል እኔ፣ ባልዲ ይዤ።
ወንድሜ እንድሪስ በስልክ "ምንድን ነው ሥራሽ?" ይለኛል።
"ውሃ እቀዳለሁ" እለዋለሁ። "እዚያም ድረስ ሄደሽ?" ይለኛል።

ባለፈው ሐሙስ፣ አሥራ አራተኛው ጠርሙስ ላይ፣ በማርከር፣ ባገሬ ፊደል
"ቦርከና" ብዬ ጻፍኩ። ቀልድ ነው። ቢከፋ ቢከፋ፣ ትንሽ በደል።
ዶክተሯ አየችው። አዟዟረችው። ምንም አላለች።
ቅጹን ስባ፣ ያን ባዶ መስመር ልትሞላ ጎንበስ አለች፤
ፊደሉን አታውቀውም፤ እንደ ሥዕል፣ አንድ በአንድ እያየች
አራቱንም ቀዳች።
የመጨረሻዋን፣ "ና"ን፣
ገልብጣ ጻፈቻት።

አላረምኳትም።